አሥራ ሰባት ሰው ስለጎደለን የተዘጋብን የማዋለጃ ክፍል

ለክቡር የገጠር ማዘጋጃ ቤታችን የሕዝብ ቁጥርና የአገልግሎት ድልድል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከወንበርዎ በስተጀርባ ለተሰቀለው ባለቀለም ሠንጠረዥ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ በሰባተኛ ቀበሌ፣ በሳልጋሪ ገበያና በዙሪያው የምንገኝ፣ ማለትም ያልሄድነው፣ ይህን እስከምጽፍበት እስከ ጄስታ ወር ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ድረስ ደህና ነን። ደብዳቤው ከጠረጴዛዎ እስኪደርስ ስላለው ጊዜ ግን ኃላፊነት ለመውሰድ አልደፍርም።

ስሜ ሂራ ካጂ ፕራዳናንጋ ነው፤ በገበያው መግቢያ፣ ከጂፕ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ጨው፣ ሩዝ፣ ምስማር፣ ደብተርና ለእርሻም ለኩሽናም የሚሆነውን ሁሉ መሸጥ ከጀመርኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ነገር በሁለት በሦስት መስመር የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ዘነበ ወይስ አልዘነበም፣ ማን መጣ፣ ማን ሻንጣ ይዞ ወረደ፣ የትኛው ዕቃ ሳላስበው አለቀብኝ የሚል ነው እንጂ ሌላ ቁም ነገር የለውም። ክቡርነትዎ የሚቆጥሩት ሰውን ነው፤ እኔም ሳላውቀው ስቆጥር የኖርኩት ሰውን ነው፤ ስለዚህ እንደ ሙያ ባልደረባ ቢያዩኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ጉዳዬ አጭር ነው። ባለፈው ፑስ፣ በብርዱ ወር፣ የተዘጋብን የማዋለጃ ክፍል ዝናቡ የሚጠናበት የአሻድ ወር ከመግባቱ በፊት እንዲከፈትልንና አዋላጇ ካልፓና እንድትመለስልን እለምናለሁ። አሻድ ሊገባ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው። በዚያ ወር የሚወልዱ ስድስት ሴቶች አሉን፤ ከስድስቱ አንዷ ምራቴ ሙና ናት። ከዚህ በታች የዘረዘርኩት ሁሉ ከዚህ ልመና ጋር ካልተያያዘ ሊዘሉት ይችላሉ፤ ይያያዛል ብዬ ስለምፈራ ግን በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፦ በመጀመሪያ ስለላኩልን የምስጋና ወረቀት ምስጋናችንን በምስጋና ላይ እንድጨምር ይፈቀድልኝ። ወረቀቱ ሰባተኛ ቀበሌ «የሕዝብ ዕድገት ምጣኔውን በማረጋጋት ረገድ ላሳየው የላቀ የቤተሰብ ምጣኔ ንቃት» ይላል፤ ማኅተሙ ክብ፣ ዳሩ ወርቃማ ነው። የቀበሌው ጸሐፊያችን ሁሉም እንዲያየው ብሎ በተዘጋው የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ሰቅሎታል፤ እውነትም ያልተያዘ በር ማግኘት በመቻሉ ተመስገን ነው።

ሆኖም ምስጋናው አድራሻውን የሳተ ይመስለኛል። ክቡርነትዎ ባሠራጩት ባለሥዕል ወረቀት እንደተገለጸልን፣ የአንድ አገር ሕዝብ የሚያድገው ወይም የሚያንሰው በሦስት ነገር ነው፤ በተወለደ፣ በሞተ፣ እንዲሁም ወጥቶ በሄደና ገብቶ በመጣ። ትምህርቱ ግልጽ ስለነበር በደብተሬ ላይ ሞከርኩት። ባለፉት አሥር ዓመታት በቀበሌያችን በየዓመቱ የተወለደው ከሞተው ይበልጣል፤ አንድም ዓመት ተገላቢጦሽ ሆኖ አላገኘሁም። እንግዲህ በወሊድና በሞት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝተን ክቡርነትዎን ባስቸገርን ነበር። ያነስነው ሦስተኛው ነገር ስላለ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከሱቄ ፊት የሚነሣው ጂፕ የሚወስደውን ልጅ፣ በጣሪያው ላይ የሚታሰረውን አዲስ ሻንጣ፣ እናቱ በአንገቱ ያጠለቀችለትን አበባ አይቻለሁ፤ ከነፕላስቲኩ ያለውን ሻንጣ የምሸጥለትም እኔው ነኝ። ጂፑ የሚወስደው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሄድ፣ እዚህ ቢቀር ኖሮ የሚወልዳቸው ሦስት አራት ልጆችም አብረውት ይሄዳሉ፤ ለነሱ ቦታ ባይያዝላቸውም። ስለዚህ ወርቃማው ወረቀት የሚገባው ለአየር ማረፊያው ነው፤ ከበሩ ላይ ለማውረድ እኔ ራሴ መሰላል አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በክቡርነትዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ባለፈው ዓመት ቆጠራው የደረሰን ከደሻይን በዓል በኋላ፣ ከውጭ አገር ሥራው በፈቃድ የመጣው የመጨረሻው እረፍተኛ ወደዚያው በተመለሰ በአራተኛው ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን መምረጥ የሚችለው በእርግጥ የሠለጠነ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ቆጣሪዋ የትምህርት ቤታችን መምህርት ስለነበረች፣ ቤት ለቤት ከምትዳክር ብዬ በሱቄ በረንዳ ላይ ወንበር ሰጠኋት፤ ሴቶቹም እየመጡ ተሰለፉ። ከስድስት ወር በላይ ከአገር የወጣ ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ሲደርስ ግን ሰልፉ ቆመ። የሁለት ወንዶች ልጆች እናት የሆነችው እማማ ሴቲ፣ ሁለቱም ማሌዥያ ያሉባት፣ መምህርቷን ትክ ብላ አየቻትና፣ «የለም ብለሽ ልትጽፊው ነው? ትናንት እኮ በስልክ ‹እማ፣ በልተሻል ወይ?› ብሎኛል። ምሳዬን የሚጠይቀኝ ሰው እንዴት ነው የሌለው?» አለቻት።

በእኛ አገር ለደሻይን ትልልቆች በልጆቻቸው ግንባር ላይ ቀይ ሩዝ ይለጥፋሉ፤ ልጁ ከሌለ ድርሻው በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጥለታል እንጂ አይቀርም። የዚያን ዓመት ቅጠሎች ገና በየቤቱ ጣሪያ ሥር እንደተሰኩ ነበሩና፣ «የለም» የሚለውን ቃል በልጇ ላይ አፏን ሞልታ ልትናገር የደፈረች እናት አልነበረችም። ሁሉም ልጇን «አለ» ልታስብል ነበር። ያኔ ነው እኔ፣ ነገር አዋቂው፣ ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቼ የተናገርኩት።

«እናቶች፣» አልኩ፣ «እውነቱን አስጽፉ። መንግሥት ስንቱ እንደሄደ ካወቀ፣ ለቀረነው ምን እንደሚያስፈልገን ያውቃል። ዕቃው ስንት እንደጎደለ ያላወቀ ነጋዴ ምን ያዛል?»

እማማ ሴቲ ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ሳሁጂ፣» አለችኝ፤ ባለሱቅን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ «ጨው ስትመዝን እንኳ አውራ ጣትህን ሚዛኑ ላይ ታሳርፋለህ። ዛሬ ደግሞ እውነት ልትሸጥልን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሰሙኝ። ሰው የሚያምነው ነጋዴ መሆን እንደሚጎዳም ያን ቀን ነው የተማርኩት። ከሰልፉ የሠላሳ አንድ ልጆች ስም በእኔ ምክር «አለ» ከሚለው ዓምድ ወደ «የለም» ተዛወረ፤ የመጨረሻው የልጄ የኒሮጅ ስም ነበር። በዕለቱ በደብተሬ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ቆጠራ። ሰዉ እውነቱን ተናገረ። ደስ ብሎኛል።»

የክቡርነትዎ ሠንጠረዥ ሲወጣ እንዲህ ሆነ፤ በመዝገብ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት፣ በሌሎቹ መንደሮች የተቆጠሩት ተጨምረው በውጭ አገር ያሉ አራት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ቀሪ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት። በመመሪያው መሠረት ደግሞ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በታች ነዋሪ ያለው ቀበሌ የራሱ ማዋለጃ ክፍል አይኖረውም። አሥራ ሰባት ሰው ጎደለን። እኔ ዝም ብል ኖሮ እናቶቹ በፍቅር የዋሹት ውሸት ያሟላልን ነበር፤ እንዲያውም አሥራ አራት ሰው ይተርፈን ነበር። እማማ ሴቲ እስከ ዛሬ በሱቄ በኩል ባለፈች ቁጥር፣ «ሳሁጂ፣ እውነት ዛሬ ኪሎው ስንት ነው?» ትለኛለች።

ሦስተኛ፦ የተቆጠረውን ለማረጋገጥ በፑስ ወር ተቆጣጣሪ ስለላኩልን እናመሰግናለን። በሱፍ ካፖርት ተጠቅልሎ፣ የሻይ ፔርሙዝ ይዞ የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። የማዋለጃውን መዝገብ ገልጦ በሦስት ወር አንድ ልደት ብቻ ሲያገኝ የተገረመውን መገረም አልረሳውም፤ እኔ ያን ዕለት ለክፍሉ ሳሙና ላደርስ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«በሦስት ወር አንድ? እዚህ ሰው አይወልድም እንዴ?» አላት አዋላጇን።

«ይወልዳል ጌታዬ፣» አለች ካልፓና፤ «ባል ሲኖር።»

«ባሎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ለደሻይን።»

«ደሻይን እኮ አልፏል።»

«አዎ፣ እኛም ዘጠኝ ወሩን እየቆጠርን ነው።»

ለክትባት ልጆቻቸውን ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ተቆጣጣሪው ግን የሳቁን ምክንያት መዝገቡ ላይ የሚያሰፍርበት ዓምድ ስላጣ፣ «የተጠቃሚ ቁጥር እጅግ አነስተኛ» ብሎ ጽፎ ሻዩን ጨርሶ ወረደ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሐኪምም የቁጥር ባለሙያም አይደለሁም፤ ነገር ግን ነጭ አዝሙድ እሸጣለሁ። እዚህ አገር የወለደች ሴት ነጭ አዝሙድ በቅቤ ተቁላልቶ በሾርባ ሳትጠጣ አትነሣም። ድሮ፣ ወንዶቹ እዚሁ ሳሉ፣ ነጭ አዝሙድ ዓመቱን ሙሉ እኩል ይሸጥልኝ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት ወዲህ ግን አሥር ወር አቧራ ይጠጣና በአሻድና በቀጣዩ ወር ከሱቅ ይጠፋል። መጀመሪያ ሲያልቅብኝ ደነገጥኩ፤ በሦስተኛው ዓመት ደብተሬን ገልጬ ምክንያቱን አገኘሁ። ሰዉ ሁሉ ፈቃድ የሚያገኘው በአንድ ሰሞን ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችን ሁሉ የሚወለዱት በአንድ ሰሞን ነው፤ ያም ሰሞን ሩዝ የሚተከልበት፣ ዝናቡ መንገዱን የሚቆርጥበት ሰሞን ነው። የአንድ ቀበሌ የልደት ቀን በሌላ አገር ባለ አሠሪ የፈቃድ ወረቀት ላይ ይወሰናል። ይህን ካወቅሁ በኋላ የማደርገው ቀላል ነው። ለደሻይን የመጡትን ባለትዳር እረፍተኞች እቆጥራለሁ፣ ለሁለት እከፍላለሁ፣ የዚያን ያህል አራስ የሚበቃ ነጭ አዝሙድና ቅቤ አዝዛለሁ። እስከ ዛሬ ከአንድ በላይ አልተሳሳትኩም። ባለፈው ደሻይን አሥራ አራት መጡ። ሰባት ብዬ ያዘዝኩት ተቆጣጣሪው ሻይ በሚጠጣበት በዚያው ወር ነው፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያለ ክፍያ እነግረው ነበር።

አራተኛ፦ ከሰባቱ የመጀመሪያዋ ሱክማያ ታማንግ ነበረች። ባሏ ኳላ ላምፑር በጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ፈቃዱን ከሌሎቹ አንድ ወር ቀድሞ ስላገኘ ልጅቷም አንድ ወር ቀድማ መጣች። የጂፑ መንገድ በጄስታ ዘጠኝ ቀን በናዳ ተቆርጧል። ምጧ የያዛት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ነው። ከገበያችን እስከ አውራጃው ሆስፒታል በእግር አምስት ሰዓት ነው፤ በቃሬዛ ሲሆን ይበልጣል።

ቃሬዛ ለመሸከም ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ያርፋሉ። በዕለቱ በሰባተኛ ቀበሌ ገበያ የተገኘው የወንድ ትከሻ ይህ ነበር፦ የስድሳ አንድ ዓመቱ እኔ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ጡረተኛ ወታደር፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ርዕሰ መምህሩ። የቀሩትን አራት ቦታዎች ሴቶች ያዙ። እማማ ሴቲ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ተይ ብንላት፣ «ሁለት ጎረምሳ ወልጄ ለሰው አገር ሰጥቻለሁ፣ አንድ ቃሬዛ ያቅተኛል?» ብላ ትከሻዋን ከቀርከሃው ሥር አስገባች። ስምንት ወር የሞላት ሙና፣ ምራቴ፣ ተመለሺ ስንላት እንዳልሰማች ሆና ከጎን እየሄደች የሱክማያን ፊት በጃንጥላ ትከልል ነበር።

ከአቀበቱ ወገብ ላይ፣ መንገደኛ ከሚያርፍበት ከትልቁ ዋርካ ሥር፣ ልጅቷ ተወለደች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። አለቀሰች። ከዚያ ማልቀስ አቆመች፤ ከዚያ ሰማያዊ መሆን ጀመረች፤ ከስምንታችን አንዳችንም ምን እንደሚደረግ አናውቅም ነበር። ሙና በስልክ ካልፓናን አገኘቻትና ካልፓና በስልኩ ውስጥ እየጮኸች፣ «አፏን ጥረጉ! ጀርባዋን አሹ! ቀስ ብላችሁ ንፉላት!» ስትል፣ እኛም እንዳለችው ስናደርግ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ በእጃችን ላይ ሞተች። ሱክማያን ወደ ቤቷ መለስናት። በማግሥቱ አማቷ ሱቄ መጥታ ነጭ አዝሙድ ጠየቀችኝ። ቀና ብዬ ሳያት፣ «ምን ታያለህ? ልጅቷ ባትኖርም አራሷ አለች» አለችኝ፤ ሰጠኋት።

አምስተኛ፦ ልጅቷን ለማስመዝገብ ከሱክማያ አማት ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማሩንን አውቃለሁና፣ የተወለደም የሞተም በሠንጠረዡ መግባት አለበት። የእኛ ቀበሌ ጸሐፊ፣ ዋርካው ያለበት ቦታ የስምንተኛ ቀበሌ መሬት ስለሆነ የተወለደችው እዚያ ነው አለ። የስምንተኛ ቀበሌ ጸሐፊ ደግሞ እናቷ የሰባተኛ ነዋሪ ስለሆነች የእናንተው ናት አለ። ከዚያም ወደ እኛው ስንመለስ ነገሩ ተቃና፤ «ሳሁጂ፣ ሞቷን ለመመዝገብ መጀመሪያ ልደቷ መመዝገብ አለበት፤ ለልደት ደግሞ አባት ቀርቦ ይፈርማል» አለኝ። አባቷ ኳላ ላምፑር ነው ብዬ ብነግረው፣ «እንግዲህ ሲመጣ» አለኝና መዝገቡን ዘጋ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሦስቱ የዕድገት ምክንያቶች በአንዱም ውስጥ የሌለች ሰው በቀበሌያችን ተገኝታለች። አልተወለደችም፣ አልሞተችም፣ የትም አልሄደችም። ሠንጠረዥዎ አልተነካም፤ ይህንን መልካም ዜና እንዳይዘገይብዎት ብዬ ነው ለመጻፍ የተቻኮልኩት።

ወደ ስድስቱ ልመለስ። ወደ ከተማ ወርደው ለምን አይጠብቁም እንደሚሉ እገምታለሁ። የአምስቱ ቤት ወንድ ስለሌለው አራሹም ተካዩም እነርሱው ናቸው፤ በአሻድ ሩዝ ካልተተከለ የዓመቱ ቀለብ የለም። ሙናን ግን ሱቅ እንጂ ማሳ ስለሌለን ልልካት ነበር። ነገር ግን እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗም አልፎ አልፎ ይጭበረበርባታል። ለካልፓና ደውዬ ስነግራት፣ «ሳሁጂ፣ እሷን መንገድ እንዳታስጀምሯት። ደም ግፊቷን የሚለካ ሰው እሷ ዘንድ መምጣት አለበት እንጂ እሷ መሄድ የለባትም» አለችኝ። ማን ይመጣል አልኳት። «እኔ ነበርኩ የምመጣው» አለችኝ።

ካልፓና አሁን ያለችው በክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት፣ ከእርስዎ ቢሮ ሁለት በር አልፎ፣ በየቀበሌው የተወለዱትን ልጆች ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ ነው። ልጅ ማዋለድ ለሚችል እጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊገኝለት እንደማይችል አምናለሁ። ለማንኛውም ጠዋት ጠዋት የውጭ ቋንቋ መማር መጀመሯን ነግራኛለች፤ «የማዋልደው ካጣሁ አዛውንት ወደምጦርበት አገር ብሄድ ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ ሰው በሽበቱም ይቆጠራል» ነው ያለችው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛው ምክንያት በጽሕፈት ቤትዎም ደጅ ደርሷልና ቢፈጥኑ ይሻላል።

ልጄ ኒሮጅ ባለፈው ሳምንት ከዶሃ ደውሎ ነበር። እዚያ አገር፣ የደሻይኑ ፈቃድ ሳይቆጠር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሕዝብ ያበዛው እርሱና መሰሎቹ ናቸው፤ በወረቀታቸው ግን «ጊዜያዊ» ይባላሉ። የቆጠራውን ነገር ስነግረው ሳቀና፣ «አባዬ፣ እዚህ ጊዜያዊ ነኝ፣ እዚያ የለሁም ተባልኩ። እኔ የት ነው ያለሁት?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «የሙናን ነገር አደራ፤ አንተ እዚያ አለህ አይደል?» አለኝ። አለሁ አልኩት። ሙናም ስልኩን ተቀብላ አነጋገረችውና ከዘጋች በኋላ፣ ሳታለቅስ፣ ሩዝ እየለቀመች፣ «አባ፣ እኔን ግን በዚያ መንገድ እንዳትሸከሙኝ። የሚሆነው እዚሁ ቤቴ ይሁን» አለችኝ። ይህን በደብተሬ ስጽፍ ዘነበ ወይስ አልዘነበም የሚለውን መጻፍ ረሳሁ።

የምጠይቀው ክፍሉ ለዘለዓለም እንዲከፈትልን አይደለም፤ መመሪያ መመሪያ ነው። ካልፓናን ለሁለት ወር፣ ለአሻድና ለቀጣዩ ወር ብቻ ያበድሩን። ክፍሉን መክፈት ከማኅተም ጋር የሚጣላ ከሆነ ከሱቄ በላይ ያለውን ክፍል አጽድቼ፣ ኖራ ቀብቼ፣ አልጋ አስገብቼ ጨርሻለሁ፤ ውሃና መብራት አለው። የጎደሉንን አሥራ ሰባት ሰዎችም በተመለከተ ክቡርነትዎ ተስፋ እንዳይቆርጡብን እለምናለሁ፤ ስድስቱ ሴቶች በሰላም ከወለዱና እነርሱም ከኖሩልን የሚቀሩን አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። አሥራ አንድ ሰው ደግሞ መንገዱ ሲጠገን የማክሰኞና የዓርብ ጂፕ ለአንድ ሳምንት ባዶውን ቢወርድ የሚገኝ ነው።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ስላጠፋሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሠንጠረዥዎ ይለምልም፣ ፐርሰንትዎ ይርጋ፣ ወርቃማ ዳር ያለው ወረቀትዎ አይጉደል እያልኩ፣ ከመቼውም የበለጠ ታዛዥ፣ በመዝገብዎም ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ «አለ» ከሚባሉት አንዱ በመሆን፣

ከልብ በመነጨ አክብሮት፤

ሂራ ካጂ ፕራዳናንጋ
ነጋዴ፣ ሳልጋሪ ገበያ፣ ሰባተኛ ቀበሌ

ግልባጭ፦
ለሁለቱ ቀበሌ ጸሐፊዎች፣ የዋርካው ጉዳይ እስኪለይላቸው
በማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ለተሰቀለው የምስጋና ወረቀት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ የንግድ ጥያቄ ረስቼ ነበር። የሱክማያ ድርሻ ወጥቶ በሱቄ ያለው ነጭ አዝሙድና ቅቤ የስድስት አራስ ነው። ከታችኛው ገበያ ዕቃ የሚያመጣልኝ በቅሎ ነጂ ነገ ይወርዳል፤ ከአሻድ በፊት የመጨረሻ ጉዞው ስለሆነ የጎደለ ካለ እንድነግረው፣ የሚተርፍ ካለም እንድመልስለት ጠይቆኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ስነግድ የአራስ ብዛት ሰው ጠይቄ አላውቅም። ካልፓና የማትመጣ ከሆነ ግን፣ ቁጥር የሚያውቁት ክቡርነትዎ ነዎትና፣ ከስድስቱ የስንቷን ላስቀር፣ የስንቷን ልመልስ?